በአንድ ላም የገባን ሁለት አጥፊዎች

ዛሬ በሶዶ መንገድ ሳልፍ ሰዎች ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉልኛል። እናቶች ልጆቻቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «እንደ እትዬ አስቴር ጨዋ ሁኚ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ አልፋለሁ፤ ሳቄን እንዳያዩብኝ ነው። የእኔን ጨዋነት የሚያውቁት ሰዎች አንድ ባንድ አልፈው አሁን የቀረነው ሁለት ነን፤ አንዷ እኔው ራሴ ነኝ። ሌላዋ ሳትቀድመኝ ታሪኩን በራሴ አፍ ብነግራችሁ ይሻለኛል። እሷ ስትነግረው የእኔ ጥፋት ይበዛል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የምንኖረው ሻንቶ አጠገብ ነበር። እናቴ በሰባት ዓመቴ ስለሞተችብኝ ያሳደገኝ አባቴ ባሳ ነው። አባቴ ድምፁ የማይሰማ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ካለሁበት ጩኸት አይጠፋም። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ቀጠቀጥኩት። ደወል አልኩ እንጂ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። አገሩ ሁሉ ቤት የተቃጠለ መስሎት ውኃ በእንስራ ተሸክሞ ሲሮጥ እኔ እንሰት ሥር ቁጭ ብዬ አየሁ። ለምን አደረግሽው ብትሉኝ፣ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነበር።

ዘመዶቼ «ይቺን የሚገራት ባል ብቻ ነው» ብለው ተማከሩ። ባልም አላጡም። አንድ የቦዲቲ ቆዳ ነጋዴ ተገኘ፤ ሁለት ሚስት የቀበረ፣ ትንሹ ልጁ እኔን የሚበልጥ። ሦስት ሽማግሌዎች በሦስት በቅሎ ላከ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆጮና ጎመን ሲቀርብላቸው እኔ በጓሮ ዞሬ በቅሎዎቹን ፈታሁና የሶዶን መንገድ አስይዤ ለቀቅኋቸው። ሽማግሌዎቹ ቦዲቲ በእግራቸው ገቡ። ተገላገልኩ ብዬ ስፈነጥዝ ነጋዴው ምን ብሎ ቢልክ ጥሩ ነው? ለቤቴ የሚያስፈልገኝ እንዲህ ያለች ቆፍጣና ናት፣ በመጪው ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ ብሎ ላከ።

ያኔ ሳቄ ጠፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያ ሰው ሲያልፍ የጥሬ ቆዳው ሽታ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያንን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ታየኝ። አባቴ ሁለት ቀን እርሻው ላይ እያመሸ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሶዶ፣ የሚስዮኑ ቤት ወስጄሽ እሞክራለሁ፣ እነሱ ካልተቀበሉሽ ግን ከዘመድ ሁሉ ጋር ልጣላልሽ አልችልም አለኝ።

ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ የሚስዮን ሴቶች ያቆሙት አንድ የልጃገረዶች ቤት ነበር። ከቤታቸው የኮበለሉትን፣ ወላጅ ያቃታቸውን፣ አገር ያማረረባቸውን ልጆች ተቀብሎ ያሳድራል፤ ማንበብ፣ ስፌትና መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል። ስሙ ሌላ ነበር፤ አገሩ ግን «የአስቸጋሪዎች ቤት» ይለው ነበር። ለመግባት ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የምትታለብ ላም። ገንዘብ ማን አለውና! ልጅቷ እዚያ እስካለች ላሟም እዚያ ትታለባለች፤ ልጅቷ ጨርሳ ስትወጣ ላሟም ተከትላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እኛ ላም ነበረችን ማለት ይቻላል፤ ግማሽ። ቦራ ትባላለች። እኛ አገር ሙሉ ላም መግዛት ያቃተው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በእኩል ይይዛል። አንድ ሳምንት ወተቱ የአንዱ ነው፣ ቀጣዩ ሳምንት የሌላው፤ ጥጃውም በተራ ነው። የቦራ ሌላው ግማሽ የጋሽ ሻንካ ነበር። ጋሽ ሻንካ ጎረቤታችን ናቸው፤ ወተቱ ሲታለብ አረፋው እስኪተኛ ጠብቀው የሚለኩ ሰው። በዚያ ሰሞን በሬ ሊገዙ ገሱባ ወርደው ነበር። አባቴ አሰበ፣ አሰበና፣ ሳምንቱ የእኛ ነው፣ በገዛ ሳምንታችን ላሟን ወዴት ብንወስዳት ማን ይጠይቀናል አለ። እኔ የእሳቸው ሳምንት እኮ ሐሙስ ይጀምራል ብዬ ባስታውሰው፣ ሐሙስን እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ገመዱን አነሳ። አባቴ በሕይወቱ ያጠፋት ጥፋት ይቺ ብቻ ናት፤ እሷንም ያጠፋት ለእኔ ሲል ነው።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ቦራን እየነዳን፣ ጥጃዋን እያስከተልን ከሰዓት በኋላ ሶዶ ደረስን። የቤቱ ኃላፊ ሚስ ሄለን ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የወንድ ጫማ የሚያደርጉ ፈረንጅ። በረንዳው ላይ አስቀመጡንና የሽማግሌዎቹን ደብዳቤ ከፈቱ። አነበቡ። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አነበቡ።

«እዚህ ላይ ትሑት፣ ታዛዥና ጸሎተኛ ናት ይላል» አሉ በአማርኛ።

ጉድ ፈላ። ሽማግሌዎቻችን ከእኛ ቤተ ክርስቲያን መጥፎ ልጅ ወጣች መባሉን አፍረውበት፣ የማላውቃትን አንዲት መልአክ ጽፈው ልከዋል። ሚስ ሄለን መነጽራቸውን አወለቁና፣ እንዲህ ያለች ጥሩ ልጅ ካላችሁ የእኛ ቤት አያስፈልጋትም፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ ለተቸገረ ነው የምንሰጠው አሉ። በጥፋቴ ስባረር የኖርኩ ልጅ በጨዋነቴ ልባረር ነው!

አባቴ ከገበያ አማርኛ በቀር አይችልም። እኔ ግን ሻንቶ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር እንደ ልቤ እናገራለሁ። ሚስ ሄለን ይህን ሲያዩ «አባትሽ ስለ አንቺ እውነቱን ይናገሩ፤ አንቺ አስተርጉሚ» አሉኝ። እንግዲህ አስቡት። አባቴ ኃጢአቴን በወላይትኛ ይዘረዝራል፣ እኔ የገዛ ኃጢአቴን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

አባቴ ከደወሉ ጀመረ። አንድ ቀን ደውላ ሰው አስደነገጠች አለ። እኔ አንድ ቀን ምን ይሠራል ብዬ «በየሳምንቱ ትደውላለች ይላሉ» አልኩ። ሚስ ሄለን ጻፉ። አባቴ ሦስት በቅሎ ፈታች አለ። ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ በዓይኔ ላይ ዞረና «ሰባት በቅሎ» አልኩ። አባቴ ቁጥር በአማርኛ አይጠፋበትም፤ እጄን ቆንጠጥ አድርጎ ሦስት ነው ያልኩት አለኝ በወላይትኛ። እኔም ዞሬ «አራቱ አልተገኙም ይላሉ» አልኩ። ሚስ ሄለን ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ስምንት ጥፋት ቆጠርን። የገረመኝ ግን አባቴ ሁሉንም ማወቁ ነው። ማንም አላየኝም ያልኩትን ሁሉ አንድ ባንድ ያውቃል። የተሰበረ እንስራ ተክቶ፣ አጥር ጠግኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለእኔ አንዲት ቃል ሳይነግረኝ ኖሯል። ከዚያ ባርኔጣውን በእጁ አዞረና መሬት መሬት እያየ ጨመረ።

«ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ድምፅ የለም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔን ያሳቀኝ የዚህች ልጅ ጥፋት ብቻ ነው። ትግባ፤ ትማር። እኔ ግን ስገባ ማንን እንደምሰማ አላውቅም።»

ሚስ ሄለን አባትሽ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ጥፋቴን ለማብዛት የፈጠነ ምላስ እዚህ ላይ ከዳኝ። «መንገዱ ደክሞኛል ይላሉ» አልኩ። ሚስ ሄለን ረዘም አድርገው አዩኝ፤ ደብተራቸውን ከደኑና መልሱን ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ ብለው ወደ እንግዳ ቤቱ ሰደዱን።

ሐሙስ ማለዳ በረንዳው ላይ ተቀምጠን መልስ ስንጠብቅ ከበሩ የመጣውን ድምፅ በደንብ አወቅሁት። ጋሽ ሻንካ ናቸው። ከገሱባ ማታ ገብተው፣ ላሟ እንደሌለች ሲያዩ ሌሊቱን ተጉዘው በኮቴዋ መጥተዋል። ከኋላቸው ልጃቸው ዶርቃ የወተት ቅል ይዛ ቆማለች። ሳምንቱ የእነሱ ሆኗላ! ለአንድ ቅል ወተት ከሻንቶ ሶዶ የሚመጣ ሰው ጋሽ ሻንካን ብቻ ነው የማውቀው። ዶርቃ የእኔ እኩያ ናት፤ በጣም ጨዋ ስለነበረች አልወዳትም ነበር። ባጠፋሁ ቁጥር «ዶርቃን አታዪያትም?» የተባልኩት አይቆጠርም።

ጋሽ ሻንካ ጊዜ አላጠፉም። ዶርቃን ሂጂ እለቢ ብለው ወደ ላሟ ላኳትና በአባቴ ላይ ወረዱበት። ሌባ አሉት፤ እኔንም የሌባ ልጅ፣ በቅሎ ፈቺ፣ የአገር መቅሠፍት አሉኝ። ሚስ ሄለን ሰውየው ምን ይላሉ ብለው ዞሩብኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሰላምታ እያቀረቡ ነው፤ ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ።

ሚስ ሄለን ብድግ አሉ። ከዚያ ጥርት ባለ ወላይትኛ፣ እንደ እኛ አያቶች ወላይትኛ፣ ጋሽ ሻንካን «ተቀመጥና ውኃ ጠጣ፤ ላምህ አልጠፋችም» አሏቸው።

ክው አልኩ። አባቴ ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ። ለካ ሴትየዋ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ወላይታ ውስጥ የኖሩ ናቸው! ማስተማሪያው አማርኛ ይሁን ስለተባለ ነው እንጂ ወላይትኛው ከእኛ እኩል ነው። ሰባቱ በቅሎ፣ የየሳምንቱ ደወል፣ የደከመው አባቴ፣ ሁሉም አንድ ባንድ ፊቴ ላይ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እኔ በደብዳቤ ልጅ ተቀብዬ አላውቅም» አሉኝ። «ለሚመጣው ልጅ ሁሉ የወላጅሽን ቃል አስተርጉሚ እላለሁ። ሌሎቹ ጥፋታቸውን ያሳንሳሉ። አንቺ አበዛሽ። የደበቅሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትሽ የሚወዱሽ መሆኑን። አንቺ እዚህ ትቀመጫለሽ።»

አለቀስኩ። በሰው ፊት ሳለቅስ ያየኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። አባቴም ወደ ተራራው ዞሮ አፍንጫውን ሲጠርግ ቆየ።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጋሽ ሻንካ የቦራን ገመድ ይዘዋል። ግማሿ የእኔ ናት አሉ። ሚስ ሄለን ወላይትኛው አልቸገራቸውም፤ የላም ነገር ግን ቸገራቸው። የትኛው ግማሽ ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሻንካ እንደ ሞኝ አዩአቸውና፣ የፊቱ አይደለም፣ የኋላውም አይደለም፣ ሁሏም ግማሽ ግማሽ ናት አሉ። ሚስ ሄለን ከቤቱ ሕግ ፈቀቅ አላሉም። ወተቱን የሚጠጡት ሃያ ልጆች ናቸው፣ አንዷን ያለ ላም ባስገባ ነገ ሁሉም ያለ ላም ይመጣል፣ ያን ጊዜ ማንንም አላበላም አሉ። ጋሽ ሻንካ ገመዱን ሳብ አደረጉ። ቅዳሜ ሊነጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ሰውየው ከበረንዳው ሳይርቁ ቆሙ። በመስኮቱ በኩል ልጃገረዶቹ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ይታያሉ። ጋሽ ሻንካ ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ይህ ትምህርት የላሟ ዋጋ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው ተባሉ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዲያው የላሟ ግማሽ የእኔ ከሆነ የቦታው ግማሽም የእኔ ነው። ዶርቃም ትግባ፤ ካልሆነ ላሟ ትሄዳለች።»

ሚስ ሄለን ልጅህ ምን አጠፋች አሏቸው። ጋሽ ሻንካ ደረታቸውን ነፉ። የእኔ ልጅ? ድምፅዋን ጎረቤት ሰምቶት አያውቅም፣ ሂጂ ስላት ትሄዳለች፣ ቁሚ ስላት ትቆማለች አሉ። ሚስ ሄለን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቱ ለእንዲህ ያለች አይደለም። ጋሽ ሻንካ እንደገና ገመዱን ጎተቱ፤ በኩራታቸው የገዛ በራቸውን ዘጉት።

ዶርቃ አልባ ጨርሳ፣ የሞላውን ቅል ይዛ ከላሟ ኋላ ቆማለች፤ ሮጬ ጎኗ ደረስኩ። እጇን ይዤ፣ ለነፍስሽ ስትዪ፣ የሆነ ጥፋት አጥፍቻለሁ በይ፣ ምንም ይሁን፣ እኔ አበድርሻለሁ፣ ደወሉን ውሰጂው አልኳት። እሷ ግን አልዋሽም አለችኝ። ተናደድኩ። እንደዚያ ቀን ጨዋነት ያስጠላኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ ዶርቃ ቅሉን ታቅፋ ወደ አባቷ ሄደች። ጋሽ ሻንካ እጃቸውን ዘረጉ፤ ያን ወተት ይዘው ሊመለሱ ነው የመጡት። ዶርቃ አየቻቸው። ቅሉን ቀስ ብላ ዘቀዘቀችና ወተቱን እስከ ጠብታው እግራቸው ላይ አፈሰሰችው። ወተት መድፋት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ የሳምንቱን የመጀመሪያ ወተት፣ በአባት እግር ላይ!

«አልሄድም» አለች። «ቁሚ ስትለኝ ስቆም የኖርኩት ፈርቼህ ነው እንጂ ጨዋ ሆኜ አይደለም። መማር እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ሻንካ ዱላቸውን አነሱ። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ከወተቱ ይልቅ የልጃቸው ድምፅ ነው ያስደነገጣቸው፤ በአሥራ አራት ዓመት ይህን ያህል ቃል ተናግራ ሰምተዋት አያውቁም። ሚስ ሄለን መሐል ገቡ። ደብተራቸውን ገልጠው የዶርቃን ስም ከእኔ ሥር ጻፉና «ዛሬ ጀመረች፤ ሳይባባስ ትግባ» አሉ። አንድ ላም፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አልጋ፣ ለሁለት አጥፊዎች። ቅዳሜ ነጋዴው ሻንቶ ሲደርስ ያገኘው አባቴን ብቻ ነበር። በተሰጠው ቆጮ ተሸኝቶ ሄደ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ያ ቤት ምን ለወጠልሽ ትሉኝ ይሆናል። ጨዋ አላደረገኝም፤ በዚያ ቤት ያጠፋሁትን ዶርቃ ትንገራችሁ። ያ ሐሙስ ያሳወቀኝ አባቴ ሁሉን እያየ ዝም ያለው ስለማይመለከተው ሳይሆን ስለሚወደኝ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ የማጠፋው ምን እንደሚሆን ለማየት ሳይሆን ሰው ለማሳቅ ሆነ፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። መምህርት ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር «ይቺ ልጅ አስቸገረችን» ብሎ የመጣ ወላጅ ሁሉ ደብዳቤውን ኪሱ እንዲከት እነግረውና ልጅቷን ስለ ራሷ አስተርጉሚ እላት ነበር። ዋሽታ ያሳነሰችም አለች፣ ዋሽታ ያበዛችም። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ልጃችሁ ካስቸገረቻችሁ ጥፋቷን በደንብ ቁጠሩት፤ ስትጨርሱ ግን ዝም ብላችሁ አትነሱ፣ የቀረውንም ተናገሩ።

ቦራ ግን በገባን በአራተኛው ወር ነጠፈች። ሕጉ ሕግ ነውና፣ ላም ከሌለ ልጅም የለም፤ እኔና ዶርቃ ልብሳችንን ጠቅልለን በረንዳው ላይ ቁጭ አልን። አባቴ ሌላ ላም የለውም፤ ግማሽም የለውም። ይዞን ሊሄድ መጥቶ ከሚስ ሄለን ፊት ባርኔጣውን እያዞረ ቆመ። በዚያው ጋሽ ሻንካ ከበሩ ገቡ፤ ከኋላቸው ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጥጃዋን ያስከተለች አንዲት ጥቁር ላም ይስባሉ። ገሱባ የገዙትን በሬ ሸጠው ያመጧት ላም ናት። ሚስ ሄለን የማን ናት ብለው ደብተራቸውን ከፈቱ። እኚያ አረፋው እስኪተኛ ጠብቀው የሚለኩ ሰው አባቴን ባሳን በክርናቸው ጎሸም አደረጉና፣ ከእኔ ሰባት በቅሎ እንኳ የበለጠ ውሸት ዋሹ።

«በእኩል ናት» አሉ። «ግማሿ የባሳ ነች።»